ከአንድ ክፍል እንጀምር

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በተወሰነው መሠረት ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)




ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የምንናገረው የሁላችንንም ኪስ የሚነካ ነውና በደንብ ቢሰማ ይሻላል።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። «በማኅበሩ ስም ባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ተኝቶ ከሚውል ለአባላት በብድር ይሰጥ፤ እያንዳንዳችን በግቢያችን አንድ አንድ ክፍል ሠርተን እናከራይና ኑሯችንን እንደጉም» የሚል ነበር። ብዙ ተጨበጨበለት። ኮሚቴውም ነገሩን አጥንቶ መልስ እንዲያመጣ ታዘዘ። እኛም አራት ጊዜ ተሰብስበን ተነጋገርን፤ ቤት ሠርተው የሚያከራዩ አባሎቻችንን ጠየቅን፤ ተከራይ የሆኑትንም ጠየቅን።

መልሳችንን አናስረዝመው። የማኅበሩ ገንዘብ አይበደርም። ይህ ገንዘብ የለቅሶ ገንዘብ ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ተበዳሪው «የመጨረሻው ወር ኪራይ ሲገባ እመልሳለሁ» ቢለን ሬሳ አስቀምጠን ኪራይ አንጠብቅም። በዚህ ላይ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተስማምቷል።

ነገር ግን «አይሆንም» ብለን ብቻ ብንሄድ ሥራችንን አልሠራንም። የጥያቄው ሐሳብ መልካም ነው። ጡረታ የማይበቃው፣ ባል የሞተባት፣ ልጁ ሥራ ያጣበት ብዙ ሰው አለን። በግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ማለት ናት። ስለዚህ በጥቂት ገንዘብ እንዴት መጀመር እንደሚቻል፣ የት ላይ እንደሚወደቅም ያየነውን እንናገራለን። ከራሳችን ስሕተት እንጀምር።

እንደምታውቁት ማኅበራችን መጀመሪያ ያከራየው ቤት ሳይሆን ወንበር ነው። ድንኳኑና ወንበሩ ለቅሶ በማይኖርበት ጊዜ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ይኖር ነበር። «ለሠርግና ለክርስትና እናከራየው» ያሉ አንዲት እናት ናቸው፤ ዛሬም እዚህ አሉ። በመጀመሪያ ሳቅንባቸው። ቀጥሎ ግን ከዚያች ወንበር ኪራይ የተጠራቀመው ገንዘብ በመጋዘኑ ጎን ሁለት ክፍል ለማሠራት በቃ። ይህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው፦ ገንዘብ የሌለው ሰው ሲጀምር የሚቆጥረው የጎደለውን ሳይሆን ያለውን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ግን መራራ ነው። ገንዘቡን ስናይ ጊዜ ቸኮልን። «ግቢው የኛ፣ መጋዘኑ የኛ፤ ለሁለት ክፍል ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?» አልን። ግንበኛ ጠራን። ብሎኬቱን፣ አሸዋውን፣ ሲሚንቶውን በአንድ ጊዜ አስመጣን። ግድግዳው ወገብ ሲደርስ የደንብ ሠራተኞች መጥተው «የግንባታ ፈቃዳችሁን አሳዩን» አሉ። ምን እናሳይ? ሥራው ቆመ፤ የተሠራውም ፈረሰ። በዚህ ላይ ወሩ ሐምሌ ነው። ሲሚንቶውን የሸፈንነው ላስቲክ ቀዳዳ ኖሮበት ውሃ ገብቶ ደነደነ። ከዚያ ሁሉ ከረጢት የተረፈው ስድስት ነበር። ፈቃዱን ደግሞ በኋላ ስንጠይቅ ያለ ብዙ ችግር ተሰጠን። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የኛ የኮሚቴው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በኛ ደረሰ። ሁለቱ ክፍሎች ዛሬ ቆመው ኪራይ ያስገባሉ፤ ነገር ግን በጥድፊያችን ምክንያት አንድ ዓመት ዘግይተን ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

አንደኛ፣ ወረቀቱ ይቅደም።

ቤቱን ከመሥራት በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁን አውጥታችሁ እዩት። ካርታው በማን ስም ነው? በሞቱት አባት ስም ነው ወይስ ወራሾች አስተላልፈውታል? ወንድምና እኅት ባልተካፈሉት ግቢ አንዱ ተነሥቶ ክፍል ቢሠራ ኪራዩ የማን ነው? ይህን ሳይጨርሱ መሠረት የቆፈሩ ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አይተናል። ለጠበቃ የወጣው ገንዘብ ቤቱን ሊያሠራ ይችል ነበር።

ቀጥሎ ሰፈሩ በፕላን ምን እንደሆነ ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ መንገድ ዳር ቤት መነሣቱን ሁላችንም አይተናል። መንገድ ያልፍበታል በተባለ ቦታ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ጥሩ አይደለም። ካሣ የሚታሰበውም ሕጋዊ ለሆነው ይዞታና ግንባታ ነው። ያለ ፈቃድ የተለጠፈች ክፍል ስትፈርስ ባለቤቷ የሚያነሣው ቆርቆሮውን ብቻ ነው።

አንዳንድ ደላላም በከተማው ዳር «በትንሽ ቀብድ ቦታ እንሸጥላችሁ» እያለ ይዞራል። ለጨረቃ ቤት ገንዘባችሁን አትስጡ። በሌሊት የቆመ ቤት በቀን ይፈርሳል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያዛል። በቃልና በሽማግሌ ብቻ ቤት አይገዛም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

በጣም ርካሹ ቤት ያለው ቤት ነው። ልጆቹ አድገው የሄዱለት ሰው አንድ ክፍል ባዶ አለው። በሩን ወደ ግቢ አዙሮ፣ ከሳሎኑ የሚያገናኘውን ቀዳዳ በብሎኬት ዘግቶ፣ ግድግዳውን ልሶ ቀለም ቢቀባ የሚከራይ ክፍል ሆነ። አሮጌ ማድ ቤት ወይም ሰርቪስ ካለ ጣሪያውን ማደስ አዲስ ከመሥራት ይቀላል። ከመቆፈራችሁ በፊት ግቢያችሁን አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት።

አዲስ መሠራት ካለበት ደግሞ እስቲ እንቁጠር። የምንጠራው ቁጥር ለስሌት እንዲመች ብቻ ነው፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት።

አንዲት ክፍል ከነበሯ፣ ከነመስኮቷ፣ ከነመብራቷ 200,000 ብር ፈጀች እንበል። በወር 4,000 ብር ተከራየች። በዓመት 48,000 ብር ነው። ሰው ግን በዚህ ይሳሳታል፤ 48,000 ብር በሙሉ ኪሱ የሚገባ ይመስለዋል። አይገባም። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ትውላለች፣ 4,000 ቀነሰ። ቁልፍ ይሰበራል፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ ቀለም ይታደሳል፣ ሌላ 4,000 ቀነሰ። ለኪራይ ገቢ ግብር ደግሞ 4,000 እንያዝለት፤ የየራሳችሁን ልክ ገቢዎች ሄዳችሁ ጠይቁ። የቀረው 36,000 ብር ነው። 200,000ውን ለመመለስ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አያችሁ፣ ትርፉ አለ፤ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ቀስ ብሎ በሚመጣ ገቢ ላይ ፈጥኖ የሚበላ ዕዳ ከተጫነበት ቤቱ ባለቤቱን ይበላዋል።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። አንዲት አባላችን ሁለት ክፍል ልትሠራ ተነሥታ ገንዘብ አጠራት። አራጣ አበዳሪ አገኘች። በወር ከመቶ 5 ብር ተባለች። «በመቶ 5 ብር ምን አላት?» አለች። እንቁጠረው። 100,000 ብር ብትበደር ወለዱ በየወሩ 5,000 ብር ነው። ቅድም ያልናት ክፍል በወር የምታስገባው 4,000 ብር ነው። ኪራዩ አንዲት ሳንቲም ሳትነካ ለአበዳሪው ቢሰጥ እንኳ በየወሩ 1,000 ብር ይጎድላል፤ ዋናው ዕዳ ደግሞ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ሕጉ ይህን አይፈቅድም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሰዎች ሲበዳደሩ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 መብለጥ የለበትም። በወር 5 ማለት ግን በዓመት 60 ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪ ግን ሞኝ አይደለም። በወረቀቱ ላይ ወለድ አይጽፍም። 100,000 ሰጥቶ «160,000 ብር ተበድሬአለሁ» ብሎ ያስፈርማል። ያን ወረቀት ስትፈርም እማኝ ሆነው የፈረሙት ሁለት ሰዎች የማኅበራችን ኮሚቴ አባላት ነበሩ። ይህንንም አንሸሽግም። «ሰው ሲቸግረው እንዴት እንቢ እንላለን» ብለን ነበር። ማንበብ እየቻልን ሳናነብ ፈረምን።

መጨረሻው ምን ሆነ? የልጇ የጋብቻ ወርቅ ተሸጠ። እሱም አልበቃ ብሎ ሁለቱ ክፍሎች በወለድ አገድ ለአበዳሪው ተያዙ። እሷ ባሠራችው ቤት፣ በእሷ ግቢ፣ ኪራይ ተቀባዩ ሌላ ሰው ሆነ። ተከራዮቹ በየወሩ በበሯ አልፈው ለእሱ ይከፍላሉ። ዛሬ እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም። «ሌላው እንዳይገባበት ንገሩ» ብላናለች።

ታዲያ ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ሦስት መንገድ አይተናል።

የመጀመሪያው እቁብ ነው። 25 ሰዎች በወር 4,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 100,000 ብር ነው። ወለድ የለበትም። ዕጣው ቶሎ የደረሰው ሰው የጎደለውን ሞልቶ ክፍሉን ይጨርስና ከሚያገኘው ኪራይ እቁቡን ይጥላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይሁን እንጂ እቁብም ዕዳ መሆኑ አይረሳ። ክፍሏ ባዶ በዋለችበት ወር እቁቡ አይቀርም፤ ዋስ የሆነው ጎረቤትም አለ። ስለዚህ ወደ እቁብ የሚገባ ሰው ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ኪራይ ለሦስት ወር ቢቋረጥብኝ ከሌላ ገቢዬ መጣል እችላለሁ?» ካልቻለ፣ እነዚያን 12,000 ብር አስቀድሞ ለብቻ ያስቀምጥ፤ አለዚያም በአነስተኛ እቁብ ይጀምርና ሥራውን ለሁለት ዓመት ይክፈለው። ዘንድሮ መሠረቱንና ግድግዳውን፣ ለከርሞ ጣሪያውን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለተኛው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። መጀመሪያ ቆጥቦ ቀጥሎ መበደር ነው። ብዙ ሰው «መቆጠቡ ያሰለቻል» ይላል። ነገር ግን በየወሩ መቆጠብ ያቃተው ሰው በየወሩ ዕዳ መክፈል ከየት ይችላል? ቁጠባው ራሱ ፈተና ነው። ወለዱን፣ ዋሱን፣ የመክፈያውን ጊዜ አስነብባችሁ ግቡ።

ሦስተኛው የኮንዶሚኒየም ነገር ነው። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ መንገዶች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። 20/80 ማለት የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር መክፈል ነው። ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ እነሱ በዝቅተኛ ኪራይ እየኖሩ ቤቱን አከራይተው የባንኩን ዕዳ በኪራዩ ሲከፍሉ አይተናል። በጥቂት ገንዘብ የቤት ባለቤት የሆኑ አሉ። ዕጣ ሳይደርሳቸው ዓመታት የጠበቁም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የተመዘገበ ቁጠባውን አያቋርጥ፤ ሆኖም ኑሮውን በሙሉ በዕጣ ላይ አይንጠልጥል። ዕጣ የደረሰውም ቢሆን ቤቱን የሚረከበው በር፣ ወለልና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ይዞ ማስጨረሻ ሊጠይቅ እንደሚችል አስቀድሞ ያስብ።

እዚህ ላይ አንድ የቀረ ልማድ እናንሣ። ቀደም ሲል ብዙ ሰው ጣሪያ ሲደርስ ገንዘቡ ያልቅበትና ከሚገባው ተከራይ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ተቀብሎ በዚያ ይጨርስ ነበር። ይህ አሁን አይቻልም። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ቤቱ በባለቤቱ ገንዘብ ይለቅ፤ ተከራዩ ያለቀ ቤት ይግባ።

ሦስተኛ፣ ተከራዩ ሰው ነው።

የኮሚቴው አባላት ከሁሉ በላይ የተከራከርነው በዚህ ላይ ነው። ቤት በጥቂት ገንዘብ የጀመረ ሰው ካፒታሉ ብሎኬቱ ይመስለዋል። አይደለም። ካፒታሉ በደኅና ከፍሎ የሚቀመጥ ተከራይ ነው።

ይህንን የተማርነው ከአንድ ለቅሶ ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት በዚህ ሰፈር ዘጠኝ ዓመት አብረውን የኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ተከራዮች ናቸው፤ የማኅበራችንም አባላት ናቸው። ወርኃዊ መዋጮ አሳልፈው አያውቁም። ድንኳን ሲተከል ሰውዬው ካስማ ይዞ የሚቀድመው አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ ኪራዩ ሁለት ጊዜ ተጨመረባቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ከ3,000 ወደ 4,000 ሲባል አቃታቸውና ወደ ከተማው ዳር ወጡ። ሲሄዱ ማንም ምንም አላለም። አከራዩም አባላችን ነው፤ «የሰው ቤት ነው፣ ምን አገባን» አልን። በአራት ወራቸው ሰውዬው ሞተ። እኛ የሰማነው በሣልስቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ለሌላው ድንኳን ሲተክል የኖረ ሰው የኛ ድንኳን ሳይደርስለት ተቀበረ። ሚስቱ ልናጽናናት ስንሄድ «መልእክት የሚልክልኝ ሰው አጣሁ እንጂ አልረሳኋችሁም» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

ወቀሳው የአከራዩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሁላችንም ነው። አከራዩ ራሱ ለኮሚቴው የተናገረውን ግን አድምጡ። ክፍሏ እነሱ ከወጡ በኋላ ሦስት ወር ባዶ ዋለች። ሦስት ወር በ3,000 ሒሳብ 9,000 ብር ቀረበት። በወር የጨመራት 1,000 ብር ያንን የቀረበትን ለመተካት ብቻ ዘጠኝ ወር ፈጀባት። አዲሱ ተከራይ ደግሞ ሁለት ወር ሳይከፍል ወጣ። «በገንዘቡም ከሰርሁ፣ ሰውም አጣሁ» ነው ያለን።

ስለዚህ ለሚያከራዩ አባሎቻችን እንዲህ እንላለን።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በ2016ቱ አዋጅ መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያስታውቀው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዳንዶች «ይህ ሕግ የወጣው በኛ ላይ ነው» ትላላችሁ። እኛ ግን በሌላ በኩል አየነው። በባንክ የገባ ኪራይ «ከፍያለሁ፣ አልከፈልህም» የሚባል ጠብ የለውም። የሁለት ዓመት ውልም ለአከራዩ ሁለት ዓመት የታወቀ ገቢ ነው፤ እቁቡን ለሚጥል ሰው ከዚህ የተሻለ ዋስትና ምን አለ?

አረጋውያን አባሎቻችን ደግሞ ሌላ ሥጋት አላችሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ከልባችሁ አልወጣም። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ሆነ፤ ትርፍ የተባለው ተወሰደ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገቡ። በዚያ ምክንያት «የሚከራይ ቤት አለኝ» ማለት የሚያስፈራቸው፣ ውል ማስመዝገብ የማይወዱ አሉ። ፍርሃታችሁን አንንቅም፤ ያያችሁትን አይታችኋል። ዛሬ ግን የግል ቤትን ማከራየት በሕግ የታወቀ ሥራ ነው፤ ራሱ የ2016ቱ አዋጅ የሚናገረው ስለ አከራይና ተከራይ መብት ነው። ዛሬ የሚያስጠይቀው ማከራየቱ ሳይሆን ሳያስመዘግቡ ማከራየቱ ነው።

የውሃና የመብራት ነገርም ከመጀመሪያው ቀን ይነገር። የግቢ ጠብ ከመቶው ስድሳው የሚነሣው ከቆጣሪ ነው ብንል አልተጋነነም። ቆጣሪው አንድ ከሆነ ሒሳቡ በክፍል ይካፈላል ወይስ በሰው ቁጥር? እንጀራ የሚጋገረው በስንት ቀን ነው? ውሃ በምትመጣበት ቀን ማን ቀድሞ ይቀዳል? ይህ በውሉ ጀርባ ይጻፍ። «እንግዳ አታምጣ፣ ልጅህ አያልቅስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም» የሚለው ነገር ደግሞ ይቅር። ሰው ኪራይ የሚከፍለው እስር ቤት ሊገባ አይደለም። እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን ሻንጣና ፍራሽ ይዘን ከሰፈር ሰፈር የዞርን? እጃችንን ብናወጣ ያልተከራየ ይገኛል?

ተከራዮችም አደራ አለባችሁ። ቀኑን ጠብቃችሁ ክፈሉ። ያልቻላችሁ እንደሆነ ስልክ ከማጥፋት ቀድማችሁ ተናገሩ። ያቺን ክፍል ያከራየቻችሁ እናት እቁብ አለባት። ስትለቁ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ የገባችሁበትን ክፍል በገባችሁበት መልክ አስረክቡ።

የኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በዘረዘርነው ምክንያት የሚከተለውን አቅርበናል፤ ተወያዩበትና ድምፅ ስጡበት።

1. የማኅበሩ ገንዘብ ለቤት ሥራ በብድር አይሰጥ። ለለቅሶ ብቻ ይጠበቅ።

2. ክፍል ለመሥራት የሚፈልጉ 25 አባላት ከማኅበሩ ሒሳብ የተለየ እቁብ በራሳቸው ዳኛና ጸሐፊ ያቋቁሙ። ማኅበሩ የስብሰባ ቦታና ወንበር በነጻ ይሰጣል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዋስ ያምጣ፤ ዋሶቹም ኪራይ ቢቋረጥ የሚጠየቁ መሆናቸውን ዐውቀው ይፈርሙ።

3. ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት የኮሚቴ አባላት በጽሕፈት ቤቱ ይገኛሉ። የኪራይ ውልም ሆነ የብድር ወረቀት የሚፈርም ማንኛውም አባል ከመፈረሙ በፊት አምጥቶ ያስነብብ። ከእንግዲህ ማናችንም ያላነበብነውን ወረቀት በእማኝነት አንፈርምም። ይህ ለማንም ያልተለየ ነው፤ ለራሳችንም ጭምር።

4. ተከራይ የሆነ አባል በኪራይ ምክንያት ከሰፈር ቢወጣ መዋጮውን እስከ ከፈለ ድረስ አባልነቱ ይቀጥል። የሚገኝበት አድራሻና የቅርብ ሰው ስልክ በመዝገብ ይያዝ። የሄደ አባል የት እንዳለ በየሦስት ወሩ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመደብ።

የተከበራችሁ አባላት፣

አራተኛውን ነጥብ ስንጽፍ የማን ስም በልባችን እንዳለ ታውቃላችሁ። ለእሱ ዘግይቷል። ሚስቱ ግን ካለፈው ወር ጀምሮ ወደ አባልነቷ ተመልሳለች፤ ዛሬ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ መጥታ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። በመጋዘኑ ጎን ከሠራናቸው ሁለት ክፍሎች አንዷ በመጪው ወር ትለቀቃለች። ኮሚቴው በሕጉ መሠረት፣ በጽሑፍ ውል፣ ለእሷ እንድትከራይ ሐሳብ አቅርቧል። በነጻ አይደለም፤ እሷም በነጻ አልጠየቀችም። ኪራዩ ከአሁኑ ተከራይ በምንቀበለው ልክ ይሆናል፤ እኛም የምንከፍለው የአራጣ ዕዳ ስለሌለብን ልንጨምርባት የሚያስገድደን ነገር የለም።

በትንሽ ጀምሮ ዕዳ ያልበዛበት ሰው ለሰውም መድረስ ይችላል ያልነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከአንድ ክፍል እንጀምር።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ።

ከመረዳጃ ማኅበሩ ጸሐፊ
በኮሚቴው ስም